የአምናው ሃይብሪድ በቆሎ ዘንድሮ ለምን ከዳን? ስለ አንድ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም

ጥያቄ፦ «አባቴ ሐርቡ አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። አምና ከማኅበር የገዛነው ሃይብሪድ በቆሎ በሁለት ጥማድ መሬት ላይ አይተነው የማናውቅ ምርት ሰጠን። አባቴም ትልልቁን ራስ መርጠው ለዘር ሰቀሉት። ዘንድሮ ያንኑ ዘሩት፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዳንዱም ራስ ያልያዘ ሆነ። የልማት ሠራተኛው ‹ሃይብሪድ አይደገምም› አለን። ቁንጮ ጤፍም ‹የተዳቀለ ምርጥ ዘር› ነው ተብሎ ተሰጥቶን ስንት ዓመት እየደገምን እንዘራዋለን። ለመሆኑ ሃይብሪድ ማለት በትክክል ምንድን ነው? ዲቃላ፣ ምርጥ ዘር፣ ጂኤምኦ የሚባለው ሁሉ አንድ ነው? አባቴ ‹ዘሩን አኮላሽተው ነው የሚሸጡልን› ይላሉ።»

መልስ፦

አንድ አይደሉም። አባትዎ ማሳ ላይ የታየው የሃይብሪድ ተፈጥሮ ነው፤ ዘሩን ያኮላሸ ሰው የለም። የልማት ሠራተኛው የነገራችሁም እውነት ነው። ነገር ግን የነገራችሁ ዘሩ አፈር ከገባ በኋላ ነው፤ ምክንያቱንም አላስረዳችሁም። በዚህ የተነሳ አንድ ክረምት ከስራችኋል። አንድ ቃል በወጉ ሳይተረጎም ገበሬ ቤት ሲገባ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ ስለዚህ ከቃሉ ልጀምር።

እንግሊዝኛው «ሃይብሪድ»ን የወሰደው ከላቲን ነው። በላቲን «ሂብሪዳ» ይባል የነበረው ከቤት እሪያና ከዱር አሳማ የሚወለደው ግልገል ነው። ሮማውያን ቃሉን ወደ ሰው አዙረው አባቱ ሮማዊ፣ እናቱ ባዕድ የሆነችውን ልጅም ይጠሩበት ነበር። የዐረብኛው «ሀጂን»ም እንዲሁ አባቱ ዐረብ ሆኖ እናቱ ዐረብ ላልሆነች ልጅ የሚነገር ነበር። የእኛ «ዲቃላ» ደግሞ እስከ ዛሬ ከጋብቻ ውጭ በተወለደ ልጅ ላይ የሚወረወር ስድብ ነው። ሦስቱም ቃላት ሰውን ሲያሳንሱ ኖረው ነው ማሳ የገቡት። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። «ዲቃላ በቆሎ አምጥተንልዎታል» ሲባሉ ፊታቸው የሚጠቁር አባቶች በቃሉ ወረዳ በኩል አጋጥመውኛል። እውነትም ስድብን የዘር ስም አድርጎ ለትልቅ ሰው መስጠት ነውር ነው። ስለዚህ እኔ «ድቅል» እላለሁ፤ እርስዎም ለአባትዎ ሲያስረዱ ይህንኑ ቢጠቀሙ ይሻላል።

ስሙን ካስተካከልን ወደ ትርጉሙ እንግባ። በሰብል ቋንቋ ድቅል ማለት ሁለት የጠሩና የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የሰጡት የመጀመሪያው ትውልድ ነው። «የመጀመሪያው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ ሁሉም ነገር የሚዞረው በእሷ ላይ ነው። ድቅል የአንድ ዝርያ ቋሚ ስም አይደለም፤ የአንድ ትውልድ ስም ነው። ልጁ ድቅል ከሆነ የልጅ ልጁ ድቅል አይደለም። ከማኅበር በተገዛው ከረጢት ውስጥ የነበረው ድቅል ነው። አባትዎ ጣሪያ ሥር የሰቀሉት ግን የድቅሉ ልጅ ነበር፤ በስም አንድ ቢመስልም በባሕርይ ሌላ ዘር ነው።

ለዚህ ወሎ ውስጥ ሁሉም የሚያውቃት ምሳሌ በቅሎ ናት። «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ያለችው በቅሎ፣ ከአህያና ከባዝራ የተወለደች ድቅል ናት። ሸክም ስትችል ከአባቷ፣ ስትራመድ ከእናቷ ትበልጣለች፤ ሰው በቅሎ የሚፈልገውም ለዚህ ነው። ግን ምሳሌው ከዚህ በላይ ቢሳብ ያሳስታል፤ የአባትዎ ጥርጣሬም የተነሳው ከዚህ ይመስለኛል። በቅሎ አትወልድም፤ ስለዚህ «ድቅል በቆሎም መካን ነው፣ ቢዘሩት አይበቅልም» የሚል እምነት ተስፋፍቷል። ይህ ስሕተት ነው። በቅሎ መካን የሆነችው አህያና ፈረስ ሁለት የተለያዩ እንስሳት በመሆናቸው ነው። የድቅል በቆሎ ሁለቱም ወላጆች ግን በቆሎ ናቸው። ልጁ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ያፈራል። ችግሩ መካንነት አይደለም፤ ልጆቹ እንደ ወላጃቸው አለመሆናቸው ነው።

ለምን እንደ ወላጃቸው አይሆኑም? በቆሎ ወንዴውና ሴቴው በአንድ አገዳ ላይ ተለያይተው የሚወጡበት ሰብል ነው። ከአናቱ የሚዘረጋው አበባ ወንዴ ነው፤ ከእሸቱ ጫፍ የሚንጠለጠለው ፀጉር የሴቴው ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ወደ አንዲት ፍሬ የሚወስድ መንገድ ነው፤ የአበባ ዱቄት ያላረፈበት ፀጉር ፍሬ አይሰጥም። ጥርሱ የተወላለቀ በቆሎ የምታዩትም በዚህ ምክንያት ነው። የዘር ተመራማሪዎች ድቅልን የሚያዘጋጁት እንዲህ ነው፦ አንዱን በቆሎ በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑና የራሱ የአበባ ዱቄት በራሱ ፀጉር ላይ ብቻ እንዲያርፍ ያደርጋሉ። ይህን ስድስትና ሰባት ትውልድ ይደጋግሙታል። በየትውልዱ ተክሉ እየጠራ፣ ማለትም ልጁ እንደ እናቱ ቅጂ እየሆነ ይሄዳል። በዚያው ልክም እየቀጨጨ ይሄዳል። የጠሩትን ወላጆች ያየ ሰው ይህ በቆሎ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል፤ ቁመታቸው አጭር፣ ራሳቸው ጣት የሚያህል ነው። ከዚያ ሁለቱን ቀጫጮች ጎን ለጎን ዘርተው፣ የአንደኛውን ወንዴ አበባ ዱቄቱን ሳይለቅ ነቅለው ይጥሉና ከሁለተኛው ብቻ እንዲዳቀል ያደርጉታል። የሚወለደው ልጅ ሁለቱንም ወላጆቹን ጥሎ ያልፋል። አንደኛው የጎደለውን ሌላኛው ሞልቶለታልና። አሜሪካዊው ጆርጅ ሻል ይህን በበቆሎ ላይ አሳይቶ የጻፈው በፈረንጆች 1908 ነው፤ የዓለም የበቆሎ እርሻ ከዚያ ወዲህ ሌላ መልክ ያዘ።

አባትዎ አምና ያዩት ይህን የድቅል ብርታት ነው። ማሳው እንደ ሰልፈኛ አንድ ቁመት ነበረው፣ ራሱም አንድ ከፍታ ላይ ተያዘ፤ አልነበረም እንዴ? ሁሉም ተክል ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለደ ወንድምና እህት ስለሆነ ነው። ዘሩ ሲደገም ግን ያ ተሰብስቦ የነበረው ነገር ይበተናል። አንዱ ልጅ የአያቱን እጥረት፣ ሌላው የሌላውን አያት ቁመት፣ አንዱም የሁለቱንም ድክመት ይወርሳል። በስሌት ሲታይ በሁለተኛው ትውልድ የድቅሉ ብርታት በግማሽ ይቀንሳል። ልብ ይበሉ፣ ግማሽ ምርት ማለት አይደለም፤ ድቅሉ ከወላጆቹ በላይ ካመጣው ትርፍ ግማሹ ይጠፋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ማሳው ባንድ ጊዜ አያብብም። አንዱ ዱቄቱን ሲረጭ የሌላው ፀጉር ገና አልወጣም፤ ፀጉሩ ሲወጣ ደግሞ ዱቄቱ አልቋል። ራስ ያልያዙት ወይም ጥርሳቸው የተወላለቀው ያን ጊዜ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቶሎ ከተቋረጠ ጉዳቱ ይብሳል።

እዚህ ላይ ለአባትዎ በአክብሮት ሊነገራቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ትልልቁን ራስ መርጠው መስቀላቸው የአባቶች ጥበብ ነው፤ በማሽላ ላይ ብንሠራው ይሠራል። በድቅል በቆሎ ላይ ግን አይሠራም። የአምናው ማሳ ሁሉም ተክል በዘሩ ተመሳሳይ ስለነበረ ትልቁ ራስ ትልቅ የሆነው ፍግ የነካው ቦታ ላይ ስለወደቀ ወይም ጎረቤቱ ሳይበቅል ቀርቶ ሰፊ ቦታ ስላገኘ ነው። መሬቱን መረጡ እንጂ ዘሩን አልመረጡም። አንድ ጊዜ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እንዲህ ያለ የተደገመ ማሳ ውስጥ ቆመን ሳለ በሦስት እርምጃ ውስጥ ሦስት ራስ ቀጥፈው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አንዱ ክንድ ያህላል፣ አንዱ ጥርሰ ወላቃ ነው፣ አንዱ ከቆረቆንዳው ሌላ ምንም የለውም። «ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ በማስተምርበት ክፍል ሰጥቼ አላውቅም።

አንድ የሚጨመር ነገር አለ። ድቅል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ከሁለት የጠሩ ወላጆች ይወለዳል፤ አንዳንዱ ግን ሁለቱ ተዳቅለው የሰጡት ልጅ ከሦስተኛ ጋር ተዳቅሎ የሚገኝ ባለ ሦስት ወላጅ ድቅል ነው። በ1985 ዓ.ም የተለቀቀውና በአገራችን በሰፊው የተዘራው ቢኤች-660 ባለ ሦስት ወላጅ ነው። «ቢኤች» ራሱ «ባኮ ሃይብሪድ» ከሚለው የተወሰደ ነውና (ባኮ ዘሩ የወጣበት የምርምር ማዕከል ነው) ስሙ ላይ እነዚህን ሁለት ፊደላት ያየ ሰው አይደገምም ብሎ ማወቅ ይችላል። ባለ ሦስት ወላጁ ሲደገም ከባለ ሁለቱ ይልቅ ብርታቱ የሚቀንሰው በመጠኑ ያነሰ ነው። «እኔ አምስት ዓመት ደግሜዋለሁ፣ ከዓመት ዓመት አልባሰበትም» የሚል ገበሬ ካጋጠማችሁም ውሸታም አትበሉት። በቆሎ በነፋስ እርስ በርሱ የሚዳቀል ሰብል ስለሆነ ትልቁ ውድቀት የሚመጣው በመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለበት ሊረግጥ ይችላል። የሚረግጠው ግን ዝቅ ብሎ ነው።

አሁን ወደ ቁንጮ ልምጣ፤ ጥያቄዎ ላይ ከሁሉ የጠለቀው ነጥብ እሱ ነው። ቁንጮ በእርግጥም ከማዳቀል የተገኘ ነው፤ ግን ድቅል አይደለም። የእናትና የአባቱ ስም ይታወቃል፦ ዱከም ከተባለው ዝርያ ምርታማነቱን፣ ማኛ ከተባለው ንጣቱን እንዲወርስ ተደርጎ ደብረ ዘይት የተዳቀለ ነው፤ የተለቀቀው በ1998 ዓ.ም ነው። ልዩነቱ ከማዳቀሉ በኋላ የተደረገው ነው። ለገበሬው የተሰጠው የመጀመሪያው ትውልድ አይደለም። ልጆቹ ሲበተኑ የተሻለውን እየለቀሙ፣ መልሶ እየዘሩ፣ ብዙ ትውልድ ጠብቀው ከጠራና ልጁ አባቱን መምሰል ከጀመረ በኋላ ነው የሰጡት። ጤፍ ደግሞ ከበቆሎ ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ከጎረቤት ብዙም አይቀላቀልም። ጤፍን በእጅ ማዳቀል ራሱ ለረጅም ዘመን አይሆንም ሲባል ቆይቶ፣ አበባዋ የምትከፈተው ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ዶክተር ታረቀ በርሄ ደርሶበት ነው በ1960ዎቹ መጨረሻ መንገዱ የተከፈተው። ስለዚህ ቁንጮን መድገማችሁ ትክክል ነው። ሌላ ጤፍና አረም እንዳይቀላቀልበት አውድማውን መጠበቅ ብቻ ይበቃል።

ማዳቀል ሥራ ነው፤ ድቅል ውጤት ነው። ማዳቀል ተደርጎ ውጤቱ የጠራ ዝርያ ሊሆንም ይችላል፣ ድቅል ሊሆንም ይችላል። በአማርኛ ሁለቱንም «የተዳቀለ» ስለምንላቸው ነው እርስዎም አባትዎም የተደናገራችሁት። «ምርጥ ዘር» የሚለው ደግሞ ከሁለቱም የሰፋ ነው። የተሻሻለ፣ የተፈተሸ፣ የሚሸጥ ዘር ሁሉ በእኛ አገር ምርጥ ዘር ይባላል፤ ውስጡ ድቅልም አለ፣ ድቅል ያልሆነም አለ። እኔ ብጠየቅ ይህ ስም ብቻውን ከረጢት ላይ እንዳይጻፍ እከለክል ነበር። ገበሬው ሊያውቅ የሚገባው ዘሩ ምርጥ መሆኑን ሳይሆን መደገም መቻል አለመቻሉን ነው።

በከብት በኩል ቃሉ ሌላ መልክ አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለላም «ሃይብሪድ» አይልም፤ «ክሮስብሪድ» ነው የሚለው። እኛ ግን ለሁለቱም አንዱን «ማዳቀል» እንጠቀማለን። አባትዎ ድቅል ላም ሲገዙ «ስንት ፐርሰንት ናት?» ብለው እንደሚጠይቁ እገምታለሁ። የአገር ላም ከፈረንጅ ኮርማ የወለደቻት ሃምሳ ፐርሰንት ናት፤ እሷ እንደገና ከፈረንጅ ኮርማ ብትወልድ ሰባ አምስት ፐርሰንት ይሆናል። ገበሬው የሃምሳ ፐርሰንቷ ልጅ እንደ እናቷ እንደማትሆን፣ አባቷ ማን እንደሆነ መጠየቅ እንዳለበት አጥብቆ ያውቃል። በቆሎውም ላይ ያው ሕግ ነው የሚሠራው። ለአባትዎ በዚህ በኩል ቢያስረዷቸው ሳይንሱን ከማውራት ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል። ከተማ ውስጥ «ሃይብሪድ መኪና» የሚባለውም በነዳጅና በባትሪ የሚሄድ፣ ከሁለት የተገኘ ለማለት ነው፤ ከዘር ጋር ግንኙነት የለውም።

ጂኤምኦ ፈጽሞ ሌላ ነው። ድቅል የሚሠራው ተፈጥሮ በምትሠራበት መንገድ፣ በአበባ ዱቄትና በፀጉር፣ በቆሎን ከበቆሎ ጋር በማገናኘት ነው። ጂኤምኦ ግን በላቦራቶሪ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ባሕርይ ተክሉ ውስጥ ማስገባት ነው። በ2010 ዓ.ም በኢትዮጵያ ፈቃድ ያገኘው ቢቲ ጥጥ ለምሳሌ ትልን የሚከላከልበትን ባሕርይ ያገኘው ከባክቴሪያ ነው። ስለ ጂኤምኦ ያለዎት አቋም ምንም ይሁን፣ አባትዎ አምና የዘሩትን ድቅል በቆሎ በዚያ ስም መጥራት ስሕተት ነው። «ዘሩ መሬት ያበላሻል» የሚለውም እንዲሁ። ድቅል ብዙ ስለሚያፈራ ብዙ ይመገባል፤ ፍግና ማዳበሪያ ካልተተካለት መሬቱ ይሟጠጣል። መሬቱን የሚጎዳው አለመተካቱ ነው።

የመስኖ አትክልት ለሚያመርቱ የቆቦና የጊራና ሰዎችም አንድ ቃል ልናገር፣ ጥያቄው እነሱንም ይነካልና። የቲማቲም፣ የጎመንና የሽንኩርት ዘር ቆርቆሮ ወይም ፓኬት ላይ «ኤፍ 1» የሚል ምልክት ካለ ድቅል ነው ማለት ነው። «ኤፍ» ከላቲን «የልጅ» ከሚል ቃል የመጣች ናት፤ አንዱም የመጀመሪያው ትውልድ መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ያለውን ዘር ፍሬውን አድርቆ መድገም ድካም ነው። ቦምቤይ ሬድና አዳማ ሬድ የሚባሉት ሽንኩርቶች ግን ድቅል አይደሉም፤ ዘራቸውን በጥንቃቄ ማባዛት ይቻላል።

ማሽላ በወሎ ከምንም በላይ ስለሆነ ሳላነሳው አላልፍም። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከማሳ ላይ ጥሩ ራስ መርጦ ማስቀመጥ ለዘመናት የሠራ ጥበብ ነው። ድቅል ማሽላም በዓለም አለ። የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በሱዳን ያወጡት ድርቅ የሚቋቋም ማሽላ ስሙ ራሱ «ሀጂን ዱራ» ነው፤ በዐረብኛ ድቅል ማሽላ ማለት ነው። በፈረንጆች 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ካሸለሟቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ሲሆን ሌላው አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ ማሽሎች ናቸው። ከእነዚህ ወደ እኛ የመጡት ጎቢዬና አብሽር ድቅሎች አይደሉም፣ ይደገማሉ። ያዘነን ሰው «አብሽር!» ብሎ ለሚያጽናና የወሎ ገበሬ ስሙን መያዝ አያስቸግረውም። የድሮ ዘሮቻችሁንም አትናቁ። ወተት በጉንጬና ማር ጩቄ በሚባሉት የወሎ ማሽሎች ወገን ውስጥ ለሰውነት ግንባታ የሚጠቅም ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ከተለመደው ማሽላ በበለጠ ብዛት መገኘቱ በፈረንጆች 1973 ለዓለም ተነግሯል። ሕፃናት እሸቱን ጠብሰው የሚሻሙበት ማሽላ የዓለም ሳይንቲስቶች ያልጠበቁትን ይዞ ተገኘ። እንዲህ ያለ ዘር ከቤት አንድ ጊዜ ከጠፋ በገንዘብ አይገዛም። በ77ቱ ድርቅ ዘሩን በልቶ የተረፈ ቤተሰብ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ወደ አባትዎ ሁለት ጥማድ ልመለስ። አማራጮቹ ሦስት ናቸው፤ እኔ የማየውን በግልጽ እነግርዎታለሁ። አንደኛው በየዓመቱ አዲስ ድቅል መግዛት ነው። አንድ 12.5 ኪሎ ከረጢት በመስመር ከተዘራ ለግማሽ ሄክታር፣ ማለትም ለሁለት ጥማድ ይበቃል፤ በመስመሮቹ መካከል 75፣ በተክሎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው ልኩ። ግን የዘሩ ዋጋ የሚመለሰው ማሳው ውኃና ማዳበሪያ ያገኘ፣ በወቅቱም የታረመ ከሆነ ብቻ ነው። ድቅል ተአምር አይሠራም፤ የተሰጠውን አብዝቶ ይመልሳል። ሁለተኛው እንደ መልካሳ-2 ያለ፣ በ1996 ዓ.ም የተለቀቀ፣ ድቅል ያልሆነና በነፃ የሚዳቀል የተሻሻለ በቆሎ መዝራት ነው። በጥሩ ዓመት ከድቅሉ ያነሰ ያመርታል፤ በደረቅ ዓመት ግን ቶሎ ስለሚደርስ ያድናል፣ ዘሩም ይቀመጣል። ሦስተኛው ዘንድሮ ያደረጋችሁት፣ ድቅሉን መድገም ነው። ይህን የምቀበለው ሌላ ዘር በጠፋበትና ገንዘብ በሌለበት ክፉ ዓመት ብቻ ነው፤ መሬት ጦሙን ከሚያድር ይሻላል፣ ከዚያ በላይ የለውም።

የሐርቡ ቆላማ ሜዳ ዝናቡ የማይታመን ስለሆነ ምክሬ ይህ ነው፦ ወደ ወንዙ የቀረበውንና ውኃ የሚደርሰውን አንዱን ጥማድ በአዲስ ድቅል ዝሩ፤ ሌላውን በመልካሳ ዓይነት በቆሎ ወይም በአገር ማሽላ ያዙት። ድቅል ስትመርጡም የሚደርስበትን ጊዜ ጠይቁ። ቢኤች-660 ከአምስት ወር በላይ የሚጠይቅ፣ የደጋና የወይና ደጋ ሰፊ ዝናብ የሚፈልግ ነው፤ «ብዙ ይሰጣል» ተብሎ ለሐርቡ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ከመልካሳው ዘር ለማስቀመጥ ደግሞ ከሌላ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር የራቀ ቦታ ይሁን፤ ያ ካልተቻለ ከጎረቤት ማሳ ጋር አብሮ እንዳያብብ በሦስትና አራት ሳምንት አለያይታችሁ ዝሩ። ከዳር ሳይሆን ከማሳው መሐል፣ ዙሪያውን ጎረቤት ካለው ተክል፣ ከመቶ ያላነሰ ራስ ምረጡ። የአባትዎ ዓይን የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ምርጫቸው ይሠራል። በሦስተኛው ዓመት ግን ዘሩን በአዲስ አድሱት።

ሁለት ጥንቃቄ። ከረጢት ውስጥ ያለው ዘር ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ከሆነ በመድኃኒት የታሸ ነው። የተረፈ ቢኖር ታጥቦም ቢሆን አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም፣ ከረጢቱም እህል አይያዝበት። ሁለተኛው፣ ክፍት ከረጢት ወይም በጣሳ የሚሸጥ «ሃይብሪድ» አትግዙ። እኔው ራሴ ከአንድ ነጋዴ በጣሳ የተገዛ ዘር ተዘርቶ ስመለከት የተደገመ ማሳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የአንድ ድሃ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነበር። ያልተከፈተ ማሸጊያ፣ የዝርያው ስም፣ የተመረተበት ዓመትና የብቅለት መጠን የተጻፈበት ወረቀት ከሌለ ድቅል ነው ብላችሁ አትመኑ። ከማኅበርም ሆነ ከወረዳ ግብርና ስትቀበሉ «ምርጥ ዘር ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ድቅል ነው ወይስ ይደገማል?» በሉ። መልሱን ካላወቁላችሁ ስሙን ጽፋችሁ ወደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ወረዳ ባለሙያ ዘንድ ወስዳችሁ አረጋግጡ።

የዘንድሮው ማሳ ላይ ያለውን አትንቀሉት። እሸቱን ብሉ፣ የደረሰውን ለቀለብ ሰብስቡ፣ አገዳውን ለከብት ክምር አድርጉት። አባትዎ ግን ከዚህ ማሳ ውስጥ አንድ ትልቅና የሚያምር ራስ አይተው እንደ ልማዳቸው ለዘር ሊሰቅሉት እጃቸውን ቢዘረጉ ያንን ያዙላቸው። በእሱ ምትክ ከማሽላው ማሳ የሚሻለውን ራስ ይስቀሉ፤ ጭሱ የሚደርስበት ቦታ ላይ።